የቆመ ተሽከርካሪን የሚጠብቅ ካሜራ ኃይሉን ከየት ያግኝ?

በተሽከርካሪ ስምሪት ሥራ ላይ የተሰማሩ ባለሙያዎች ሰኞ ጠዋት ከሚገጥሟቸው ጉዳዮች መካከል ሁለቱ በቀላሉ የሚታለፉ አይደሉም። አንደኛው ዓርብ ማታ በደኅና የቆመ መኪና ፓራውልቱ ተፍቆ ወይም ስፖኪዮው ተነቅሎ መገኘቱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለመስክ ሥራ የታዘዘ መኪና ባትሪው ደክሞ አልነሳ ማለቱ ነው።

የመጀመሪያውን ችግር ለመከላከል በመኪና የፊት መስታወት ላይ የሚለጠፍ መቅረጫ ካሜራ፣ በተለምዶ ዳሽ ካም የሚባለው፣ በበርካታ አገሮች ጥቅም ላይ ውሏል። ይሁን እንጂ ካሜራው ሞተሩ ከጠፋ በኋላም እንዲሠራ ከተፈለገ ሌሊቱን ሙሉ ኃይል ይፈልጋል። ያን ኃይል ከመኪናው ባትሪ በቀጥታ እንዲወስድ ሲደረግ አንደኛው ችግር ተቃልሎ ሁለተኛው ይከተላል። ለዚህም ነው ለካሜራው ብቻ የሚያገለግል የተለየ ባትሪ መጠቀም እንደ መፍትሔ የሚቀርበው። መፍትሔው ግን የሚሠራው በቅድሚያ ተሰልቶ ሲገባበት ብቻ ነው።

ጉዳዩ የንብረትም የሰውም ነው

አንድ የመንግሥት ተሽከርካሪ በቆመበት ጉዳት ሲደርስበት ጥያቄው በመጀመሪያ የሚቀርበው መኪናውን ለተረከበው አሽከርካሪ ነው። ቀጥሎ የሚጠየቀው የጥበቃ ሠራተኛው ነው። ጉዳቱን ያደረሰው ከማቆሚያው ሲወጣ ወደ ኋላ የገጨ ሌላ መኪና ሊሆን ይችላል። ሌሊት መብራት ወይም ስፖኪዮ የፈታ ሌባም ሊሆን ይችላል። ማስረጃ በሌለበት ሁኔታ ግን ንጹሑም ጥፋተኛውም እኩል ይጠረጠራል። በመጨረሻም ወይ አሽከርካሪው ያላጠፋውን ይከፍላል፣ ወይ መሥሪያ ቤቱ ከበጀቱ ወጪ ያደርጋል።

በሌላ በኩል መኪናው ባለመነሳቱ የሚደርሰው ጉዳት በገንዘብ ብቻ የሚለካ አይደለም። ለምሳሌ መድኃኒት ይዞ ወደ ወረዳ እንዲወጣ የታዘዘ ፒክ አፕ ማለዳ አልነሳ ቢል፣ ሌላ ባትሪ ተፈልጎ በኬብል እስኪነሳ ድረስ ባለሙያዎቹ ይጠብቃሉ፤ በመዳረሻው ያለው ተገልጋይም ይጠብቃል። በመሆኑም ካሜራ እንዲገጠም የሚወስን ኃላፊ የካሜራውን የምስል ጥራት ከማየቱ በፊት የኃይል ምንጩን መጠየቅ ይኖርበታል።

ካሜራው መኪናው ሲቆም ምን ይሠራል?

አብዛኞቹ የመኪና ካሜራዎች የሚሠሩት ቁልፉ ሲከፈት ኃይል በሚያገኘው የሲጋራ መለኮሻ ሶኬት ነው። ሞተሩ ሲጠፋ በአብዛኞቹ መኪኖች ይህ ሶኬት ኃይሉ ስለሚቋረጥ ካሜራውም አብሮ ይጠፋል። በካሜራው ውስጥ ያለው ትንሽ ባትሪ ወይም ካፓሲተር የሚያገለግለው የመጨረሻውን ምስል በሥርዓት መዝግቦ ለመዝጋት ብቻ ነው። ሌሊቱን ሊያሠራው አይችልም።

የተሻሉት ካሜራዎች መኪናው በቆመበት ጊዜ የሚጠቀሙበት የተለየ የአቀራረጽ ዘዴ አላቸው። ዘዴው በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ካሜራው ሳያቋርጥ የሚቀርጽበት ነው። ሁለተኛው በካሜራው ፊት እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ የሚመዘግብበት ነው። ሦስተኛው ካሜራው እንደ ማንቀላፋት ብሎ ቆይቶ መኪናው ሲነቀነቅ ወይም ሲገጭ ብቻ ነቅቶ የሚቀርጽበት ነው። በደቡብ ኮሪያ «ብላክ ቦክስ» በሚል ስም የሚታወቁት የመኪና ካሜራዎች በስፋት ጥቅም ላይ ከዋሉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የቆመ መኪናን የመጠበቅ አገልግሎት ነው።

በሦስቱ ዘዴዎች መካከል ያለው የኃይል ፍጆታ ልዩነት ከፍተኛ ነው። የፊቱንና የኋላውን ሳያቋርጥ የሚቀርጽ ካሜራ ከ3 እስከ 6 ዋት ይወስዳል። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ የሚመዘግበውም ምስሉን ሁልጊዜ መከታተል ስላለበት ፍጆታው ከመጀመሪያው ብዙም አያንስም። በንቅናቄ ብቻ የሚነቃው ግን እንደየዓይነቱ ከ1 ዋት በታች ሊወርድ ይችላል። የባትሪው ስሌት የሚነሳው ከዚህ ልዩነት ነው።

ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ መኪና ዓርብ ከቀኑ 11፡30 ላይ ቆሞ ሰኞ ጠዋት 2፡30 ላይ እንዲነሳ ቢፈለግ በመካከሉ 63 ሰዓት አለ። ካሜራው 5 ዋት የሚወስድ ከሆነ ከ12 ቮልት ባትሪ 0.4 አምፒር ያህል ይስባል። በ63 ሰዓት ውስጥ የሚወስደው ወደ 25 አምፒር ሰዓት ይደርሳል ማለት ነው። መኪናው ራሱም ለሰዓቱ፣ ለቁልፍ መቆጣጠሪያውና ለማስጠንቀቂያ ደወሉ ሲቆም ጥቂት ኃይል ይጠቀማል። ይህም ሲደመር ፍጆታው 27 አምፒር ሰዓት ገደማ ይሆናል።

አዲስና ሙሉ በሙሉ የተሞላ ባለ 60 አምፒር ሰዓት ባትሪ በዚህ ስሌት ግማሽ ያህል ኃይሉን ያጣል። ሆኖም ሞተሩን ሊያስነሳ ይችላል። ጥቂት ዓመታት ያገለገለና አቅሙ ወደ 40 አምፒር ሰዓት የወረደ ባትሪ ግን ከኃይሉ ሁለት ሦስተኛውን ያጣል። የናፍጣ ሞተር ሲነሳ ሞተሪኖው ለጥቂት ሰከንዶች በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ስለሚፈልግ በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ባትሪ መብራት ቢያበራም ሞተሩን ላያዞር ይችላል። ሰኞም የበዓል ቀን ሆኖ መኪናው እስከ ማክሰኞ ቢቆም ፍጆታው ወደ 37 አምፒር ሰዓት ከፍ ይላል። ያረጀው ባትሪ ያን ጊዜ ባዶ ሆነ ማለት ይቻላል።

ጉዳቱ በአንድ ቀን መዘግየት አያበቃም። የመኪና ባትሪ የተሠራው ለአጭር ጊዜ ብዙ ኃይል ሰጥቶ ወዲያው በዲናሞው እንዲሞላ ነው። ቀስ በቀስ እስከ ታች ወርዶ ለብዙ ሰዓታት እንዲቆይ አልተሠራም። በተደጋጋሚ እንዲህ ሲደረግ በእርሳስ ሰሌዳዎቹ ላይ የሚፈጠረው የሰልፌት ክምችት እየጠነከረ ይሄድና ባትሪው ሲሞላም የቀድሞ አቅሙን አይመልስም። ስለዚህ ለካሜራ ተብሎ በየሳምንቱ እስከ ታች የሚወርድ ባትሪ ከጊዜው በፊት ይተካል።

የኃይል ማቋረጫ መሣሪያና ወሰኑ

ይህን ለመከላከል ካሜራው ከመኪናው ፊውዝ ሳጥን ጋር ሲገናኝ በመካከል የሚገባ የኃይል ማቋረጫ መሣሪያ አለ። መሣሪያው ሦስት ሽቦዎች አሉት። አንደኛው ሁልጊዜ ኃይል ካለው መስመር፣ ሁለተኛው ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል ከሚያገኘው መስመር፣ ሦስተኛው ከመኪናው አካል ጋር ይገናኛል። የባትሪው ቮልት ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ መሣሪያው ካሜራውን ያጠፋል።

እዚህ ላይ ልኩን በትክክል መምረጥ ወሳኝ ነው። ሙሉ የሆነና ለጥቂት ሰዓታት ያረፈ ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ከ12.6 እስከ 12.7 ቮልት ያሳያል። በ12.4 ቮልት ላይ ሦስት አራተኛ ያህል፣ በ12.2 ቮልት ላይ ግማሽ ያህል፣ በ12.0 ቮልት ላይ ደግሞ አንድ አራተኛ ያህል ኃይል ይቀረዋል። በመሆኑም ማቋረጫውን በ11.8 ወይም በ12.0 ቮልት ላይ ማድረግ ካሜራውን ረዘም ላለ ጊዜ ቢያሠራም ለሞተሩ የሚተርፈው ኃይል አስተማማኝ አይሆንም። በ12.4 ቮልት ላይ ሲደረግ ሞተሩ መነሳቱ አያጠራጥርም፤ ካሜራው ግን ሌሊቱ ሳይጋመስ ሊጠፋ ይችላል። ያረጀ ባትሪ ቮልቱ ቶሎ ስለሚወርድ ካሜራው ከታሰበው በጣም ቀድሞ ይቆማል።

ከዚህ እንደሚታየው ማቋረጫ መሣሪያው ጉዳት ይቀንሳል እንጂ ተጨማሪ ኃይል አይፈጥርም። ከሁለቱ አገልግሎቶች አንዱ ለሌላው መሥዋዕት የሚሆንበትን ሰዓት ብቻ ይወስናል። ለአጭር ጊዜ ለሚቆምና በየቀኑ ረጅም መንገድ ለሚሄድ መኪና ይህ በቂ ሊሆን ይችላል። ማታ ቆሞ ጠዋት በእርግጠኝነት መነሳት ላለበት መኪና ግን ሌላ አማራጭ መፈለጉ ተገቢ ነው።

ፓወር ባንክ ያገለግላል?

ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ለስልክ የሚያገለግለውን ፓወር ባንክ ነው። በቁጥር ሲታይ ሐሳቡ ከእውነት የራቀ አይደለም። 20 ሺህ ሚሊ አምፒር ሰዓት የተጻፈበት ፓወር ባንክ በውስጡ ባለው 3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ይይዛል። ወደ 5 ቮልት ሲለወጥ ከሚባክነው በኋላ ከ60 እስከ 65 ዋት ሰዓት ይቀራል። ይህም 5 ዋት የሚወስድ ካሜራን 12 ሰዓት ያህል ያሠራል።

ችግሩ ያለው በአሠራሩ ላይ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ብዙዎቹ ፓወር ባንኮች የሚወሰደው ኃይል በጣም ትንሽ ሲሆን «ስልኩ ሞልቷል» በሚል ስሌት ራሳቸውን ያጠፋሉ። በንቅናቄ ብቻ የሚነቃ ካሜራ በዚህ ምክንያት ሳይታወቅ ከአገልግሎት ውጪ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ እየተሞሉ በዚያው ጊዜ ኃይል መስጠት የማይችሉ ብዙዎች ናቸው። የሚችሉትም ቢሆኑ ሞተሩ ሲጠፋና ሲነሳ ኃይሉን ለቅጽበት ስለሚያቋርጡ ካሜራው ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። ሦስተኛ፣ በዩኤስቢ ብቻ የተገናኘ ካሜራ ሞተሩ መጥፋቱን የሚነግረው ሽቦ ስለሌለው ወደ ማቆሚያ አቀራረጽ ላይሸጋገር ይችላል።

ከሁሉም በላይ ግን ሙቀት አለ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ያለው አየር ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊበልጥ ይችላል። ክሩስኮቱ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ከዚያም ይከፋል። ተራ የሊቲየም አዮን ባትሪ በአብዛኛው ከ45 ዲግሪ በላይ ባለ ሙቀት እንዲሞላ አይመከርም። በእንዲህ ዓይነት ሙቀት ውስጥ የሚቀመጥ ባትሪ ቶሎ ያረጃል። ጥራቱ የተጓደለ ከሆነ ደግሞ ሊያብጥና እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ስለሆነም ፓወር ባንክ ለአንድ ሌሊት ጊዜያዊ መፍትሔ ሆኖ ማታ ገብቶ ጠዋት ሊወጣ ይችላል። በመኪናው ውስጥ በቋሚነት መተው ግን አይገባም።

ለካሜራ ተብሎ የተሠራው ባትሪ

ለዚህ አገልግሎት ተብለው የሚሠሩት ባትሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሚባለው ዓይነት ናቸው። ይህ ዓይነት ባትሪ ከተራው ሊቲየም አዮን ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ለያዘው ኃይል ከፍ ያለ ቢሆንም ሙቀትን በተሻለ ይቋቋማል፤ በቀላሉም ለእሳት አይጋለጥም። ከ2 ሺህ ጊዜ በላይ ሊሞላና ሊወርድ ስለሚችል በየቀኑ ቢሠራ እንኳ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል ተብሎ ይገመታል።

የአሠራሩ ዋና ቁም ነገር ግንኙነቱ ላይ ነው። ባትሪው ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል ከሚያገኝ መስመር ጋር ስለሚገናኝ የሚሞላው መኪናው ሲንቀሳቀስ በዲናሞው አማካይነት ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ከመኪናው ባትሪ ጋር ያለው የኃይል መስመር ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ ካሜራው የሚጠቀመው ከራሱ ባትሪ ብቻ ነው። ያ ባትሪ እስከ መጨረሻው ቢያልቅ የሚጠፋው ካሜራው ነው፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ኃይል አይነካም። የኃይል ማቋረጫ መሣሪያው ሊሰጥ ያልቻለው ዋስትና ይህ ነው።

በገበያ ላይ የሚገኙት ባትሪዎች በአብዛኛው ከ75 እስከ 100 ዋት ሰዓት የሚይዙ ናቸው። 12.8 ቮልትና 7.5 አምፒር ሰዓት የሆነው 96 ዋት ሰዓት ይይዛል። ከዚህ ዘጠኝ አሥረኛው ጥቅም ላይ ይውላል ቢባል ለ5 ዋት ካሜራ 17 ሰዓት ያህል ይበቃል። ከቀኑ 11፡30 እስከ ማግስቱ ጠዋት 2፡30 ያለው 15 ሰዓት በመሆኑ አንድ ሌሊት በሚገባ ይሸፈናል።

የቅዳሜና እሑዱ 63 ሰዓት ግን ከዚህ ባትሪ አቅም በላይ ነው። ሳያቋርጥ ለመቅረጽ ተመሳሳይ አራት ባትሪዎች ያስፈልጋሉ። ይህም ወጪው ከጥቅሙ እንዲበልጥ ሊያደርግ ይችላል። ይሁን እንጂ ካሜራው በንቅናቄ ብቻ እንዲነቃ ተደርጎ ፍጆታው ወደ 1 ዋት ቢወርድ ለ63 ሰዓት የሚፈልገው 63 ዋት ሰዓት ብቻ ስለሚሆን አንዱ ባትሪ ይበቃዋል። ስለዚህ በሥራ ቀናት ማታ ሳያቋርጥ እንዲቀርጽ፣ በእረፍት ቀናት ደግሞ በንቅናቄ ብቻ እንዲነቃ አድርጎ ማስተካከል ተጨማሪ ባትሪ ከመግዛት ይልቅ የተሻለ ውሳኔ ነው።

የመሙያ ጊዜው ሳይሰላ እንዳይቀር

ባትሪው ምን ያህል ይይዛል የሚለውን የሚጠይቁ ብዙዎች ናቸው። በምን ያህል ጊዜ ይሞላል የሚለው ጥያቄ ግን በአመዛኙ ይዘነጋል። ከፊውዝ ሳጥን በሚመጣ ሽቦ በ9 አምፒር ሲሞላ 96 ዋት ሰዓት የሚይዘው ባትሪ በ50 ደቂቃ ገደማ ይሞላል። በሲጋራ መለኮሻ ሶኬት በኩል በግማሽ ያህል አምፒር ሲሞላ ግን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈልጋል።

አንድ መኪና ጠዋት 15 ደቂቃ፣ ማታ 15 ደቂቃ ብቻ የሚሄድ ከሆነ በሲጋራ መለኮሻው በኩል በቀን የሚያገኘው ኃይል ካሜራውን 5 ሰዓት ያህል ብቻ ያሠራል። በፊውዝ ሳጥን በኩል ቢሞላም ከ10 ሰዓት ብዙም አይዘልም። እንዲህ ዓይነት መኪና ላይ ባትሪው በመጀመሪያው ሌሊት በሚገባ ሠርቶ ከሁለተኛው ሌሊት ጀምሮ ሳይነጋ ባዶ መሆኑ የማይቀር ነው። ካሜራው ተበላሽቷል የሚል የተሳሳተ ድምዳሜም ላይ ያደርሳል። በመሆኑም ግዥው ከመፈጸሙ በፊት የመኪናው የዕለት ጉዞ ከስምሪት መዝገብ መታየት ይኖርበታል። በየቀኑ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚንቀሳቀስ መኪና ባትሪው ተስማሚ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ለሚወጣ መኪና ግን ከጥበቃ ሠራተኛና በቂ መብራት ካለው ማቆሚያ የተሻለ አገልግሎት አይሰጥም።

የአየር ጠባይና የገጠማ ጥንቃቄ

የአገራችን የአየር ጠባይ ከቦታ ቦታ የሚለያይ በመሆኑ ገጠማውም ይህን ያገናዘበ መሆን አለበት። እንደ ሰመራ፣ ድሬዳዋና ጋምቤላ ባሉ ሞቃት ቦታዎች ለሚሠሩ መኪኖች ባትሪው ክሩስኮት ላይ ሳይሆን ከወንበር ሥር አየር በሚያገኝበት ቦታ መቀመጥ ይገባዋል። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ መሙላት የሚያቆም መቆጣጠሪያ ያለው መሆኑም መረጋገጥ አለበት። እንደ ባሌ ተራሮች ባሉ ደጋ ቦታዎች ደግሞ ሌሊቱ ውርጭ ሊሆን ይችላል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች መሞላት የለበትም። የመኪናው የእርሳስ ባትሪም በብርድ የማስነሳት አቅሙ ስለሚቀንስ በደጋ የሚያድር መኪና ካሜራውን በራሱ ባትሪ ማሠራቱ ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል።

ገጠማው በሠለጠነ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ሊከናወን ይገባል። ከአየር ከረጢትና ከፍሬን መቆጣጠሪያ ፊውዞች ላይ ኃይል መውሰድ አይፈቀድም። እያንዳንዱ ተጨማሪ መስመር የራሱ ፊውዝ ሊኖረው ያስፈልጋል። ሽቦው በጎን ምሰሶ በኩል ሲያልፍ የአየር ከረጢቱ በሚዘረጋበት አቅጣጫ ፊት ለፊት መዋል የለበትም። በ24 ቮልት ለሚሠሩ የጭነት መኪኖችና አውቶቡሶች ለ12 ቮልት ብቻ የተሠራ ባትሪ ማገናኘት መሣሪያውን ያቃጥለዋል። በዋስትና ጊዜ ላይ ያለ መኪና ከሆነም የአቅራቢውን ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ ይመረጣል።

ባትሪው ከውጭ በመንገደኛ እጅ የሚመጣ ከሆነ የአየር መንገዶችን ደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። እስከ 100 ዋት ሰዓት የሚይዝ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ብቻ ይፈቀዳል። ከ100 እስከ 160 ዋት ሰዓት ለሆነው የአየር መንገዱ ፈቃድ ይጠየቃል። በመኪና ጭነት ክፍል እንደሚደረገው በሚመዘን ሻንጣ ውስጥ አድርጎ መላክ ክልክል ነው። የጉምሩክን መስፈርትም ከግዥው በፊት ማጣራት ተገቢ ነው።

በኤሌክትሪክ በሚሠሩ መኪኖችስ?

ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኗን በ2016 ዓ.ም ይፋ ካደረገች ወዲህ ጥያቄው በኤሌክትሪክ በሚሠሩ መኪኖችም ላይ መነሳቱ አይቀርም። እነዚህ መኪኖች ትልቅ ባትሪ ስላላቸው ለካሜራ የሚሆን ኃይል አያጡም ተብሎ ሊገመት ይችላል። እውነታው ግን ከዚህ ይለያል።

የኤሌክትሪክ መኪኖችም በሩን የሚከፍተውን፣ ኮምፒውተሩን የሚያነቃውንና ትልቁን ባትሪ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን መሣሪያ የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው። ካሜራው ኃይሉን የሚወስደው ከዚሁ ነው። ትንሹ ባትሪ ከደከመ ትልቁ ሙሉ ሆኖ እያለ መኪናው አይነቃም። አንዳንዶቹ ትንሹን ባትሪ ከትልቁ በየጊዜው የሚሞሉ ቢሆኑም ሁሉም እንዲህ አያደርጉም። በመሆኑም የተለየ ባትሪ አስፈላጊነት በኤሌክትሪክ መኪና ላይም አይቀርም።

ከኃይሉ በኋላ ያለው ኃላፊነት

ካሜራው ኃይል ስላገኘ ብቻ ማስረጃው ይገኛል ማለት አይደለም። ባለ 64 ጊጋ ባይት የማስታወሻ ካርድ አንድ ካሜራ በመካከለኛ ጥራት ሳያቋርጥ ሲቀርጽበት በ11 ሰዓት ገደማ ይሞላል። ከዚያም የቀድሞው እየጠፋ አዲሱ ይተካል። ቅዳሜ ሌሊት የተፈጸመ ስርቆት ሰኞ ሲፈለግ ሊታጣ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ንቅናቄ ሲኖር የተቀረጸውን ለይቶ የሚያቆይ ካሜራና ለተደጋጋሚ ቅጂ የተሠራ ካርድ መምረጥ ያስፈልጋል።

ሌላው ዐቢይ ጉዳይ የሰዎች መብት ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ይደነግጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ መሰብሰብ በታወቀና ሕጋዊ በሆነ ዓላማ እንዲወሰን ያስገድዳል። ሌሊቱን ሙሉ አላፊ አግዳሚውን የሚቀርጽ ካሜራ ከዚህ አንጻር መታየት ይኖርበታል። የጀርመን ከፍተኛ የፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በሜይ 2018 በሰጠው ውሳኔ ያለ ምክንያት በቋሚነት መቅረጽ የዳታ ጥበቃ ሕግን እንደሚጥስ አመልክቷል፤ የተቀረጸው ምስል ግን በአደጋ ክርክር ላይ በማስረጃነት ሊቀርብ እንደሚችል ወስኗል። በንቅናቄ ብቻ የሚነቃ ካሜራ ለባትሪውም ለሕጉም የተሻለ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ካሜራዎቹ ድምፅም ስለሚቀርጹ በመኪና ውስጥ የሚደረግ የሥራ ውይይት ሳይታሰብ ሊመዘገብ ይችላል። ስለሆነም ማይክሮፎኑ እንዲዘጋ፣ ካርዱን ማን እንደሚከፍት፣ ምስሉ ለስንት ቀን እንደሚቆይና ለማን እንደሚሰጥ በጽሑፍ መመሪያ መወሰን አለበት። አሽከርካሪው ካሜራው መኖሩን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። ካሜራው የገባው እርሱን ለመሰለል ሳይሆን ያላደረሰውን ጉዳት እንዳይከፍል ለመጠበቅም ጭምር መሆኑ ሊገለጽለት ያስፈልጋል።

ከግዥው በፊት

በአጠቃላይ የቆመ መኪናን በካሜራ ለማስጠበቅ የሚያስብ መሥሪያ ቤት አራት ነገሮችን በቅድሚያ ማጣራት ይኖርበታል። እነርሱም መኪናው በአንድ ጊዜ ስንት ሰዓት ይቆማል፣ ካሜራው በሰዓት ስንት ዋት ሰዓት ይወስዳል፣ መኪናው በቀን ስንት ደቂቃ ይሄዳል፣ የተቀረጸውስ በማን ኃላፊነት ይያዛል የሚሉት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተባዝተው የባትሪውን መጠን ይሰጣሉ። ሦስተኛው ባትሪው ሊሞላ መቻሉን ያረጋግጣል። አራተኛው ማስረጃው ሕጋዊ ዋጋ እንዲኖረው ያደርጋል።

እነዚህን ጥያቄዎች መመለስ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የስምሪት መዝገቡን፣ የካሜራውን መግለጫ ወረቀትና አንድ የቮልት መለኪያ ይዞ በግማሽ ቀን መሥራት ይቻላል። ስሌቱ ተሠርቶ የሚገባ ካሜራ አሽከርካሪውንም ንብረቱንም ይጠብቃል። ሳይሰላ የሚገባው ግን ሌባውን ቢቀርጽ እንኳ ሰኞ ጠዋት መኪናውን በግፊ የሚያስነሳ ሰው ማስፈለጉ አይቀርም።